ምን ነበር የተማርከው

የአባቴ የፕሮስቴት ካንሰር አጥንቱ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ለምን ደበቁኝ? ከጀርመን በተመለስኩ ማግስት እህቴን በቁጣ ያዝኳት።

«አባባ ራሱ ነው ያስማለን» አለች። «ልጄ ትምህርቱን አቋርጦ ይመጣል ብሎ።»

ገብቼ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

«እሷን አትቆጣት» አለኝ አባባ። «ይልቅ ምን ነበር የተማርከው? ሰው ሲጠይቀኝ ‹የደም ነገር ነው› እያልኩ ኖርኩ።»

ከታማሚው ደም ቲ ሴል የሚባሉትን ተዋጊ ሕዋሳት አውጥተን፣ የፕሮስቴት ካንሰርን ለይተው እንዲያጠቁ አድርገን እንደምንመልስለት ልነግረው አፌን ከፈትኩ።

«አዎ አባባ፣ የደም ነገር ነው» አልኩት።

ወጥቼ ጀርመን ላለው ፕሮፌሰሬ «ለሕክምናው ሙከራ አንድ ታማሚ ላምጣ?» ብዬ መልእክት ላክኩ። አባባን ከቀበርን በኋላም መልስ አልመጣም።