የተሰረቀ ድካም

መንደራችን ከተመሠረተ ስልሳ ዓመቱ ነው። ሁሉም ነገር የጋራ ነው፤ ከዐሥር ዓመት ወዲህ ድካምም የጋራ ሆኗል። አንዱ ሲቆፍር ድካሙ እጃችን ላይ ባለው አምባር በኩል ለመቶ ሃያችን ይከፋፈላል። ማንም አይዝልም። አምባር ማውለቅ ክልክል ነው።

ድሮ እኔና ባለቤቴ የሺመቤት ከሥራ ስንገባ፣ አብዝቶ የደከመው ይቀመጥና ሌላው እግሩን ያጥበው ነበር። አሁን እኩል ስለምንደክም ሳፋው ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ሸረሪት አድርቶበታል።

ትናንት አምባሬን አውልቄ ኪሴ ከተትኩና ግንድ ስፈልጥ ዋልኩ። የመንደሩ ሰብሳቢ ዘርትሁን ደረሰችብኝ።

«ጋሽ መኳንንት፣ የሁላችንን ድካም ለብቻዎ ይወስዳሉ?»

«ትንሽ ነው የወሰድኩት።»

«ላብዎ እኮ ይመሰክራል። ነገ ጉባኤ ይቀርባሉ።»

«እሺ፣ እቀርባለሁ። የዛሬውን ግን ተዪልኝ።»

እግሬን እየጎተትኩ ቤት ገባሁ። የሺመቤት ቀና ብላ አየችኝ።

«ምን ሆነህ ነው?»

«ደክሞኛል።»

«ለብቻህ?»

«ለብቻዬ።»

ሳፋውን አወረደች፤ ድሩን ጠረገች፤ ውሃ ጣደች። እግሬን እያሸች፣

«ነገ መጥረቢያው የእኔ ነው» አለች።