በሂደት ላይ ነው

ዘውዱ ሸሚዙን አውልቆ በሩ ላይ ይሰቅላል። መብራት ጠፍቷል፤ ቬንትሌተሩ ቆሟል። እኔ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ የዓሣ ቅርፊት እየፋቅሁ ነው።

«ዛሬ አልማዜን ገበያ አገኘኋት» እለዋለሁ። አልማዜ የሥራ ባልደረባው ሚስት ናት። «‹እንኳን ደስ አለሽ፣ ደብረ ማርቆስ ተዛወራችሁ አሉ› ብላ ሳመችኝ። ለነገሩ ባዳ መሆኔ እንዳይታወቅብኝ ‹እንኳን አብሮ ደስ አለን› አልኳት። ልጅህ አጁሉም ሰምታለች፤ ጎረቤቱን ሁሉ ስትሰናበት ነው ያረፈደችው።»

«እሱ ገና በሂደት ላይ ያለ ጉዳይ ነው» ይላል።

ይኸው ጀመረው! የጣራችን ቀዳዳም ሁለት ክረምት በሂደት ላይ ነው፤ የሚንጠባጠበው ግን እኔ አልጋ ላይ ነው።

«አገርህ ልትገባ ነዋ?»

«ምደባውን በተመለከተ ከበላይ አካል አቅጣጫ ተቀምጧል።»

«ከተቀመጠ ይነሳ!»

ድሮ እንዲህ ስለው ይስቅ ነበር። ዛሬ አይስቅም፤ ጎንበስ ብሎ ካልሲውን ያወልቃል።

አማርኛን ትምህርት ቤት ነው የተማርኩት፤ የጣፈጠኝ ግን በእሱ አፍ ነው። የባሮን ድልድይ አብረን ስንሻገር «ደክሞሻል? ልያዝልሽ? ነገ ትመጫለሽ?» ይለኝ ነበር። እንዲህ ያለውን አማርኛ ማን ይጠላል? ቡድን መሪ ከሆነ ወዲህ ግን አፉን ስብሰባ ወሰደብኝ። አጁሉን ትኩሳት ሲይዛት «ክትትል ይደረግላት» ይላል። ለበዓል ዶሮ ለመግዛት «ባለድርሻ አካላት እንወያይበት» ይላል፤ ባለድርሻዋ እኔ መሆኔ ነው። እውነቴን ነው፣ ጆሮዬ ደክሟል።

ቢላዋውን አስቀምጣለሁ። «ዘውዱ፣ እኔና አጁሉ አብረንህ እንሄዳለን?»

«ሁኔታዎችን አመቻችተን፣ ደረጃ በደረጃ፣ ከቤተሰብ ጋር የጋራ መግባባት ላይ ሲደረስ...»

«ከየትኛው ቤተሰብ? ቤተሰብህ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

ካልሲውን ይጠቀልላል።

«በእግዚአብሔር ይዤሃለሁ፤ እኔ ቢሮ አይደለሁም። በሰው አማርኛ ንገረኝ። እንሄዳለን፣ አንሄድም?»

አጁሉ ከጎረቤት ልጆች ጋር ማንጎው ሥር ትጮኻለች። ወደ እሷ ያያል እንጂ ወደ እኔ አያይም።

«እናቴ አታውቅም» ይላል።

«ምኑን?»

«አንቺን። አጁሉንም። ፈርቼ አልነገርኳትም።»

«በየበዓሉ ደውለህላት ‹ሰላም ብላሻለች› የምትለኝስ?»

«ከራሴ ነው።»

አጭር ነው። አስተርጓሚም አያስፈልገው። የለመንኩት አማርኛ ይኸው ደረሰልኝ፤ ምነው ባልለመንኩት! አምስት ዓመት ሙሉ የማታውቀኝን ሴትዮ «እግዜር ይስጥልኝ በላት» ስል ኖሬያለሁ።

ዓሣውን አነሳና የፋቅሁትን ጎን እንደገና እፍቃለሁ።

አጁሉ እያለከለከች ትመጣለች፤ ላብ በላብ ሆናለች። ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ አባቷን አየት፣ እኔን አየት ታደርጋለች።

«እማ፣ መቼ ነው የምንሄደው?»

ዘውዱ አንገቱን ይደፋል። ልናገር አፌን እከፍታለሁ፤ አንድም የሰው ቃል አይመጣልኝም።

«በሂደት ላይ ነው» እላታለሁ።