በጫማ የማይገባበት ማሳ

የአባባን ጫማ ያየሁት ኮምባይነሩ የማሳውን አብዛኛውን ክፍል ካጨደ በኋላ ነው። ማሳው ራስጌ፣ ድንበሩ ላይ፣ ያቺ አሮጌ ኮንጎ ጫማ ጎን ለጎን ተቀምጣለች። አጠገቧ ከዘራቸው መሬት ላይ ተሰክቷል።

መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም። ጥላ ፍለጋ ወደ ግራሩ እየወጣሁ ስለነበር አልፌያት ሄድኩ። ከዚያ እግሬ ቀጥ አለ። አባባ የደረሰ እህል ውስጥ በጫማ አይገቡም። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ከነጫማዬ ገብቼ፣ "እህል ነው እኮ የምትረግጪው!" ብለው ጆሮዬን ቆንጥጠውኛል። ጫማቸው እዚህ ካለ እሳቸው ስንዴው ውስጥ ናቸው ማለት ነው።

ገበያ የወረዱ መስሎን ነበር። ማለዳ ከአዳማ ተነስተን፣ ኮምባይነሩን አስፋልቱ ላይ ተቀብለን፣ ቤት እንኳ ሳንገባ በቀጥታ ወደ ማሳው መራነው። ወረፋ ያለበት ማሽን ነው፤ ትንሽ ከዘገዩ ወደሌላ ገበሬ ይሄዳል። ወንድሜ ጋሮምሳ ለአባባ ደወለ። እንደ ልማዳቸው አላነሱም። "ሽማግሌው ኮርቷል" ብሎ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

"ጋሮምሳ! አስቁመው!"

ጋሮምሳ ከማሽኑ ኋላ ቆሞ በስልኩ ቪዲዮ ይቀርጻል። እጁን አወዛወዘልኝ። "ያምራል አይደል?" ማለቱ ነው፤ የኔ ጅል!

ሱቄ ውስጥ መጋረጃ ስሸጥ ከወንበር መነሳት የሚታክተኝ ሴትዮ፣ በስንዴው ዳር ቁልቁል በረርኩ። "በኢየሱስ ስም! በኢየሱስ ስም!" ከማለት ሌላ ቃል ጠፋኝ። ኦፕሬተሩ ሰብስቤ መስኮቱን ዘግቶ ሙዚቃውን ከፍቷል። ጓል አንስቼ ወረወርኩ፤ ሳትኩት። ሌላ ወረወርኩ፤ መስታወቱን አገኘው። ሞተሩ ጠፋ።

"ምን ነካዎት እትዬ? መስታወት እኮ ነው!"

"አባቴ ውስጥ ናቸው!"

ሰብስቤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ጋሮምሳ ዞሮ ማሽኑ የተፋውን ገለባ አየ። እኔም አየሁ። ማናችንም ወደዚያ መራመድ አልቻልንም።

"አባባ!" ብዬ ጮህኩ። ጋሮምሳም ድምፁ እስኪሰነጠቅ ተጣራ። በዚያ ጸጥታ ማዶ ያለ ሰው እንኳ ይሰማን ነበር። መልስ የለም። ሰብስቤ ወርዶ፣ ሁለት እጁን አናቱ ላይ ጭኖ መሬት ላይ ተቀመጠ።

ያልታጨደው ስንዴ ውስጥ ገባሁ። ብዙም አልራቅሁም። ከማሽኑ ምላጭ ፊት፣ በሬ ቢተኛበት በማይበቃ ርቀት ላይ፣ አባባ ጀርባቸውን ሰጥተውን ተንበርክከዋል። ለዘር የሚሆነውን ዛላ እየመረጡ፣ እየቀጠፉ ጋቢያቸው ላይ ያስቀምጣሉ።

እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። "አባባ!" አልኩ ከኋላቸው። አልዞሩም። ጎንበስ ብዬ ጆሯቸው ሥር "አባባ!" ብዬ ጮህኩ። እሳቸው አንድ ዛላ አንስተው እያገላበጡ ያያሉ። ያኔ ገባኝ። ኩራት ያልነው ሁሉ ምን እንደነበር ገባኝና በራሴ አፈርኩ።

ትከሻቸውን ስነካ ክው አሉ።

"ውይ ጋዲሴ! መቼ መጣሽ?" አሉ፣ ከልክ በላይ ጮክ ብለው። እየሳቁ፣ ትከሻዬን ተደግፈው ተነሱ። ቀና ሲሉ ኮምባይነሩን አዩ። ከኮምባይነሩ ኋላ ማሳቸውን አዩ፤ እስከ መንገዱ ድረስ ተላጭቷል። የቀረችው እኛ የቆምንባት ቁራጭ ብቻ ናት።

"ይኼን ማን አዘዘ?"

"ባለፈው እሁድ መጥተን ጠየቅንዎት እኮ!" አለ ጋሮምሳ፣ እያለቀሰ። "ኮምባይነር እናምጣ ወይ ስንልዎት 'ይሁን ልጆቼ፣ ይሁን' አላሉንም?"

አባባ የጋሮምሳን ከንፈር ትኩር ብለው አዩ። ዞረው የተላጨውን ማሳ እንደገና አዩ።

"ለዛሬ ደቦ ጠርቻለሁ እኮ" አሉ። "ጎረቤታችንን መርዳሳን፣ የማዶዎቹን፣ ሁሉንም። በግ አርጃለሁ። እናታችሁ ከሞተች ወዲህ እዚህ ሰው ተሰብስቦ አያውቅም። ዘንድሮ እንኳ ቤቴ ሰው ይግባበት ብዬ ነበር።"

ጋሮምሳ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

በዚያው ቅጽበት ከጉብታው ጀርባ የደቦው ዘፈን ተሰማ። አንዱ ያወጣል፣ ብዙ ሰው ይቀበላል፤ እየቀረቡ ነው። እኔና ጋሮምሳ ተያየን። አባባ እኛን እኛን ያያሉ እንጂ ወደዚያ አልዞሩም።

መርዳሳ ከፊት ሆኖ ጉብታው ላይ ወጣ። ከኋላው ማጭድ የያዙ ወንዶች፣ ምግብ የተሸከሙ ሴቶች ተከታተሉ። ማሳውን ሲያዩ ቆሙ። ዘፈኑ እመሃሉ ላይ ተቋረጠ።

አባባ ዓይኔን ተከትለው ዞሩና አዩዋቸው። ፊታቸው ትንሽ ፈታ አለ። ክንዴን ያዙኝ።

"ጋዲሴ፣ እየዘፈኑ ነው?"

ጉብታው ላይ አፉን የከፈተ ሰው አልነበረም። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁላቸው።