ጀርባውን ሁለቴ መታ መታ ሲያደርገው

የቦክስ ሪንጉ ላይ ተቃቅፈው ሳሉ ባላጋራው የልጄን ጀርባ በጓንቱ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው…

ልጄም ለቀቀው። እጁን አወረደ፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ።

የባላጋራው ቡጢ ልጄ አገጭ ላይ አረፈ።

ልጄ የምለው የልጄን ልጅ ነው። ያሳደግኩት እኔ ነኝ፤ አትከራከሩኝ።

አዳራሹ ሳቀ። እሱ ስምንት ሲቆጠር ተነሳ፣ ግን በነጥብ ተሸነፈ። የመጀመሪያ የቦክስ ግጥሚያው ነበር…

ለምን ለቀቀው? ቆይ፣ ልንገራችሁ።

ይሄ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ኤም ኤም ኤ የሚሉትን ሲፋለም ኖሯል። ሽቦ አጥር ውስጥ ያስገቧቸዋል፤ ቡጢው፣ እርግጫው፣ መሬት ላይ ጥሎ ማነቁ፣ ሁሉም ይፈቀዳል። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር የማየው።

እዚያ ግን አንድ ደንብ አለ። የያዝከው ሰው ሁለቴ መታ መታ ካደረገህ "በቃኝ፣ ልቀቀኝ" ማለቱ ነው። ያን ጊዜ ያልለቀቀ አጥንት ይሰብራል።

በኋላ ጉልበቱ ተበላሸ። ሐኪሙ ከእንግዲህ እርግጫም ትግልም የለም አለው። ከልጅነቱ ሌላ ሙያ አያውቅ… የቀረችው ቦክስ ብቻ ነበረች።

ቦክስ ላይ ደግሞ መታ መታው ምንም ማለት አይደለም። ሲተቃቀፉ እንዲሁ ይነካካሉ፤ አንዳንዱ በልማድ፣ አንዳንዱ ለተንኮል።

አሰልጣኙ ያን ቀን አልጮኸበትም። ጓንቱን እየፈታለት፣ "እዚህ የሚያላቅቅህ ዳኛው ነው፤ የሰው መዳፍ አይደለም" አለው። ሁለተኛ ግጥሚያ ከስድስት ሳምንት በኋላ እንዳለ፣ እስከዚያ ይሄን አመል ካልተወ ግን ሌላ ሰው እንደሚያስገባ ነገረው።

በሉ እንግዲህ፣ ሥራ ተጀመረ። እኔም እዚያው ማሠልጠኛው ውስጥ ነኝ። የቦክሰኞቹን የእጅ መጠቅለያ ጨርቅ አጥቤ፣ ጥግ ያለው አግዳሚ ላይ ቁጭ ብዬ እጠቀልላለሁ።

አሰልጣኙ ሌሎቹን ቦክሰኞች ሁሉ አዘዛቸው፤ ከልጄ ጋር ስትተቃቀፉ ጀርባውን መታ መታ አድርጉት፣ ከለቀቀ አቅምሱት አላቸው።

ቀመሰ። ስሙንም "ሽቦ" አሉት። በር ላይ ሲያልፍ እንኳ አንዱ ትከሻውን ነካ ነካ ያደርግና "በቃኝ ሽቦዬ፣ ማረኝ" ይለዋል። አብሯቸው ይስቃል… ቤት ሲገባ ግን ምግቡን አይጨርስም።

ከሁሉም አብዝቶ አብሮት የሚለማመደው "ዝምተኛው" የሚሉት ጎረምሳ ነው። ሲመጣ አይናገር፣ ሲሄድ አይናገር። ጥርሱ ላይ የሚያደርጋትን መከላከያ ላስቲክ እንደ ማስቲካ ያኝካታል። አሰልጣኙ ቀይራት ሲለው ራሱን ይነቀንቃል፤ አይቀይራትም። እኔም አንድ ቀን ልትበላት ነው እንዴ ብዬዋለሁ። ፈገግ ብሎ ማኘኩን ቀጠለ።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ልጄ ተለወጠ። ቢነኩት አይሰማም፤ ግድግዳ ሆነ። አሰልጣኙ ደስ አለው። እኔን ግን፣ ምን ልበላችሁ… ደስ አላለኝም።

ግጥሚያው አራት ቀን ሲቀረው የመጨረሻው ፈተና መጣ። ከዝምተኛው ጋር አራት ዙር። አንዴ ከለቀቀ ግጥሚያው ቀረ።

አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ዙር አለፈ። ዝምተኛው ይነካዋል፣ እሱ ወይ ፍንክች።

አራተኛው ላይ ገመዱ ጋ ተያያዙ። ዝምተኛው መታ መታ አደረገው።

"አትስማው" አለ አሰልጣኙ ከታች።

ልጄ ለቀቀው…

እጁን አወረደ፣ ወደ ኋላ አለ። ልክ እንደዚያ ቀን። እኔ እጅ ላይ ያለው ጨርቅ ተተርትሮ መሬት ወረደ።

አሰልጣኙ ፎጣውን ወንበር ላይ አስቀመጠና "አበቃ፣ ውረድ" አለው።

ዝምተኛው ግን አልመታም። በጉልበቱ ተንበረከከ። በጓንቱ አፉን ይቧጥጣል… በጓንት ምን ይያዛል?

ያቺ የሚያኝካት ላስቲክ ተሰብራ ግማሿ ጉሮሮው ላይ ተሰንቅራ ነበር። ትንፋሽ የለ፣ ድምፅ የለ። የቀረው ቋንቋ መዳፉ ብቻ ነበር።

ልጄ ዞሮ ከኋላው አቀፈው፤ እዚያ ሽቦ አጥር ውስጥ በተማረው አያያዝ። ከደረቱ ሥር ወደ ላይ ጨመቀው። አንዴ… ሁለቴ…

ላስቲኳ ወጥታ ወደቀች።

ዝምተኛው ሳለ፣ ሳለ። ከዚያ ከአፉ ሰምቼ የማላውቀውን ድምፅ አወጣ።

"አባዬ" አለ።

ማንን ነው ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

አሰልጣኙ ሪንጉ ላይ ተንበርክኮ የልጁን ጭንቅላት ደረቱ ላይ ይዟል።

አባቱ ነበር… ሌሎቹ የአለቃ ልጅ ነው ብለው እንዳይሳሱለት፣ እዚያ ቤት አባዬ እንዳይለው ከልክሎት ኖሯል። ልጁም አባዬ ካላልኩ ሌላም አላወራ ብሎ ጭራሽ አፉን ዘጋ።

ወደ ቤት ስንሄድ፣ የዝምተኛው መታ መታ የእውነት መሆኑን በምን አወቅክ ብዬ ልጄን ጠየቅኩት።

"አላወቅኩም እማማ" አለኝ። "የሁልጊዜው መስሎኝ ነበር። ግን የዛሬው እውነት ቢሆንስ አልኩ።"

አሰልጣኙ ግጥሚያውን ሰጠው። በግጥሚያ ቀን ሲነኩህ ዳኛውን እይ፣ ዳኛው ዝም ካለ ሥራህን ቀጥል አለው። እንዳለው አደረገ፤ በአንዲት ነጥብ አሸነፈ። ያን ቀን ማንም አልሳቀም።

ማሠልጠኛው ግድግዳ ላይ ደግሞ አሰልጣኙ በእጁ ትልቅ ጽሑፍ ጻፈ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ምን ይላል ብዬ ዝምተኛውን ጠየቅኩት።

"እዚህ ቤት ሁለቴ መታ መታ ማለት በቃኝ ማለት ነው፤ ልቀቁ" ብሎ ጮክ አድርጎ አነበበልኝ።

ልጆቼ፣ በቃኝ ያላችሁን ሰው ለቃችሁ ውሸቱን ቢሆን፣ የምታጡት አንድ ጨዋታ ነው። እውነቱን ሆኖ ባትለቁት ግን… የምታጡት የሰው ልጅ ነው።

እስቲ ንገሩኝ፣ የደከማችሁበት ሁሉ ሊቀርባችሁ፣ አለቃችሁም ከታች "አትስማው" እያላችሁ፣ እናንተ ብትሆኑ ትለቁት ነበር? ከታች ጻፉልኝ፤ ልጄ አንድ በአንድ ያነብልኛል።