የተራራው ሜዳ ሃንዲካፕ

መሬት ቀያሹ የሥራ ቦርሳውን አንግቦ ሲገባ ሚስቱና ታላቅ ወንድሟ ሳሎን ቁጭ ብለው ይጠብቁት ነበር። ወንድምየው መኪና መንዳት አስተማሪ ነው፤ ሰው ላይ መጮህ አመሉ ሆኗል። «ተቀመጥ» ያለው የለም።

ሚስትየው ክሷን ጨርሳለች። ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ይጠፋል፤ ያለ ጥርጥር ሴት ይዟል። ዛሬም እሷ ምስኪኗ ቀኑን ሙሉ ከቤት ንቅንቅ ሳትል በር በሩን ስታይ ዋለች።

«የት ዋልክ?»

«የተራራው ጎልፍ ሜዳ።»

«ጠዋት ሥራ አለኝ ብለህ አልነበር የወጣኸው? ጠዋት ሥራ፣ ማታ ጎልፍ! እጅጌህ ላይ ያለው ቀይ ነገርስ? የማናት የከንፈር ቀለም ነው?»

«እዚያው ነበርኩ አልኩሽ።»

«አልነበርክም! አንገቴን ለካራ እሰጣለሁ፣ እዚያ አልነበርክም!»

ወንድምየው ተነሳ። «ስማ አንተ፣ እኅቴ ላይ ሲቀለድ ቆሜ አላይም። ውሸትህ ከተረጋገጠ አሁኑኑ ከዚህ ቤት ትወጣለህ። ልጅህንም እርሳት።»

የልጁ ስም ሲነሳ ቀያሹ ፊቱ ገረጣ። ከዚህ ቤት የሚሳሳላት እሷ ብቻ ናት።

«ቆይ ወንድምዓለም፣ እኔ አጋልጥልሃለሁ» አለችና ሚስትየው ወደ ባሏ ዞረች። «እስቲ ንገረን፣ እዚያ ሃንዲካፕህ ስንት ነው?»

ዐይን ዐይኗን አያት። «አሥራ ስምንት።»

ሚስትየው በሳቅ ፈነዳች። «ይኸውልህ ወንድምዓለም! ሃንዲካፕ ማለት ደካማ ተጫዋች ከጎበዝ እኩል እንዲሆን የሚመረቅለት ምት ነው። እኔ ጎልፍ ሲያልፍም አይንካኝ፤ እሱ ሲለፈልፍ ነው ጆሮዬ የደነቆረው። አሥራ ስምንት የሚመረቅለት እዚህ ሰፈራችን፣ ለጥ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ሜዳው ሲከብድ ምርቃቱም ይጨምራል። ሄዶ ቢሆን ይህን ያጣዋል?»

«ውይ፣ ሃያ ነው ለካ» አለ ቀያሹ ቀስ ብሎ። «ተሳሳትኩ።»

«አሁንም ዋሸ! ሃያ ድሮ ቀረ። ኩሬ ቆፍረውበት ሜዳው ብሷል፤ ያንተ ቢጤ አሁን ሃያ ሁለት ነው የሚሰጠው። መግቢያው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ የለ እንዴ!»

ወንድምየው በሩን ወለል አድርጎ ከፈተው። «ሰማህ? ጎልፍ የማትወደው እኅቴ ካንተ በልጣ ታውቃለች። እፍረት የለህም? ውጣ!»

ቀያሹ ንቅንቅ አላለም። ቦርሳውን አወረደና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ኩሬውን ለክቼ ሃያ ሁለትን ሰሌዳው ላይ በዚህ ቀይ ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ። «ዛሬ፣ ከምሳ በኋላ።»