የእናቴ የብር መርፌ

የሬሳ ሳጥኑ ከመዘጋቱ በፊት ወንድሜ ኤውሎሂዮ የእናታችንን ባለ አራት ጣት እጅ ከደረቷ ገፋ አድርጎ፣ ሻርፗ የተያያዘበትን የብር መርፌ ነቀለ።

«አብሮኝ ይቀበር ብላ ነበር እኮ» አልኩት።

«አፈር ውስጥ ለማን ልታጌጥ ነው? ዝም በይ፣ ሳቱካ!»



በማግስቱ እንደ ወትሮው እቶኑን ከፈትን። ለፑካራ ገበያ በምንሠራቸው ማሰሮዎች ላይ፣ እንደ ጥንቶቹ፣ ሻርፓቸውን በመርፌ ያያያዙ ሴቶች እሥላለሁ። እነዚህንም የሣልኳቸው እናታችን ሳትሞት ነው።

ኤውሎሂዮ አንዱን አውጥቶ ሳቀ። «ምነው፣ መርፌውን ረሳሽው?»

ሴትየዋ ሻርፗን በእጇ ጨብጣ ይዛለች። ሁለተኛው ማሰሮ ላይም፣ ሦስተኛውም ላይ እንደዚያው።

«ጣቶቿን ቁጠር» አልኩት።

አራት ላይ ሲያልቁበት እጁ ወደ ኪሱ ሄደ። መርፌውን ግን ጠዋት ሸጦታል።