መብራት አለ?

ማቀዝቀዣው ድምፁ ቀጥ ሲል እትዬ ጥሩወርቅ ቲማቲም እየከተፉ ነበር። ቢላዋው እጃቸው ላይ ቀረ።

ማቀዝቀዣውን በካርዱ የገዛላቸው ልጃቸው ግዛቸው ነው፤ የጅቡቲ መንገድ ሹፌር። በካርድ የተገዛ ዕቃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባንኩም እንደ ነጋዴው ይጠየቅ የሚለው ሕግ ከወጣ ወዲህ፣ ባንኮች የሞተ ደንበኛ ለገዛው ዕቃ ለአንዲት ሰዓት እንኳ ተጠያቂ መሆን አይፈልጉም። ካርዱ የሚቀበረው በባለቤቱ ክንድ ቆዳ ሥር ነው፤ የባለቤቱ ልብ ስትቆም የገዛው ዕቃ ሁሉ፣ የትም ይሁን የት፣ አብሮ ይቆማል። ድሮ መርዶ የሚነገረው ሽማግሌ ተመርጦ፣ ጎረቤት ተሰብስቦ፣ በማለዳ ነበር።

«መብራት ጠፍቶ ነው» አሉ ለራሳቸው። መብራት በጠፋ ቁጥር ሲራገሙ የኖሩት ሴትዮ፣ ዛሬ ጠፍቶ በሆነ ብለው ለገብርኤል ተሳሉ። ማብሪያውን መጫን ግን አልደፈሩም። ወጥተው አጥሩን ተጠጉ።

«አንቺ ዘርፌ! መብራት አለ?»

ጎረቤታቸው ዘርፌ በመስኮት ብቅ አለች። «አለ እኮ እትዬ፤ ልብስ እየተኮስኩ ነው» አለች እየሳቀች።

ከዚያ ፊታቸውን አየች። ሳቋ ጠፋ። ነጠላዋን ከትከሻዋ አወረደችና ቀስ ብላ አዘቅዝቃ ለበሰችው።